ላልተሠራ መርከብ የተሠራ በር

እኛ «የባሕር በር» ስንል ወደብ ማለታችን ነው። ሆላንድ ውስጥ፣ በሰሜን ባሕር ዳርቻ በምትገኘው አይሞይደን ግን የባሕር በር ማለት ቃል በቃል በር ነው፤ ከብረት የተሠራ፣ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ከኋላው የሚኖረው ሕዝብ ተማምኖበት የሚተኛ በር። ከባሕር ወደ አምስተርዳም ወደብ የሚሄድ ትልቅ መርከብ ሁሉ በዚህ በር ያልፋል። በሩ ደግሞ አንዴ ተሠርቶ አልቀረም። ከ1876 እስከ 2022 ድረስ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) አራት ጊዜ፣ በየጊዜው እየሰፋ ተሠርቷል። አራቱንም ጊዜ መሐንዲሶቹን እንቅልፍ የነሳው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ገና ማንም መሥራት ያልጀመረው መርከብ ወርዱ ስንት ይሆናል?

ነገሩ የሚጀምረው ከአሸዋ ነው። አምስተርዳም በ17ኛው ክፍለ ዘመን የዓለም ንግድ መናኸሪያ ስትሆን፣ ከባሕር ጋር የምትገናኘው በዛሬው መንገድ በምዕራብ በኩል አልነበረም። መርከቦቿ አይ ከሚባለው የውሃ ሰርጥ ወጥተው፣ ዞይደርዜ የተባለውን ጥልቀት የሌለው የውስጥ ባሕር አቋርጠው፣ በሰሜን ዞረው ነበር ውቅያኖስ የሚደርሱት። በከተማዋ ደጃፍ ላይ ደግሞ ፓምፑስ የሚባል የአሸዋ ክምር ውሃው ውስጥ ተጋድሟል። ከእስያ ቅመም ጭኖ ስንት ወር የተጓዘ መርከብ የከተማዋን ማማዎች እያየ፣ ፓምፑስ ፊት ቆሞ የውሃውን መሙላት ይጠብቃል። ዛሬም ሆላንዳውያን ደክሞት የተዘረረ ሰው ሲያዩ «ፓምፑስ ፊት ተኝቷል» ይላሉ።

በ1690 ገደማ ሜውስ ሜይንደርትሶን ባከር የተባለ ሰው መላ ዘየደ። መላውን «ግመል» አሉት። ግመሉ ሁለት ትልልቅ የእንጨት ታንኳዎች ነው፤ የውስጥ ጎናቸው የመርከብን ሆድ ቅርጽ ይዞ ተጠርቧል። ታንኳዎቹን ውሃ ሞልተው በመርከቡ ግራና ቀኝ ያሰምጧቸዋል፣ በገመድ ጥርቅም አድርገው ያስሯቸዋል፣ ከዚያ ውሃውን በፓምፕ ይመጥጡታል። ባዶ እየሆኑ ሲሄዱ ይነሳሉ፤ ሲነሱም መርከቡን በመካከላቸው ታቅፈው ያነሱታል። እንዲህ የተሸከሙት መርከብ አሸዋውን ይሻገራል። የምድረ በዳው እንስሳ ስም ሰሜን ባሕር ድረስ ሄዶ የመርከብ ተሸካሚ መጠሪያ መሆኑ ደስ ይለኛል፤ ሥራው ያው ሸክም ነውና ስሙም አልተሳሳተም።

ግመል ግን መርከቦች እያደጉ ሲሄዱ የሚዘልቅ መፍትሔ አልነበረም። ንጉሥ ቪለም ቀዳማዊ ያን ብላንከን የተባለውን መሐንዲስ ሰሜናዊ ሆላንድን ከታች እስከ ላይ የሚሰነጥቅ ቦይ እንዲያስቆፍር አዘዙት። ቦዩ ከአምስተርዳም እስከ ዴን ሄልደር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ በ1824 ተጠናቀቀ። መርከቦች በፈረስ እየተጎተቱ ሄዱበት። እንደ ሥራ ትልቅ ነበር፤ ግን ጠመዝማዛና ጠባብ ስለሆነ፣ የእንፋሎት መርከብ ሲመጣ አንድ ትውልድ እንኳ ሳይሞላ አነሰ።

ካርታ ላይ የሚያይ ሰው መፍትሔው ወዲያው ይታየዋል። ከአምስተርዳም በስተምዕራብ ምድሩ በጣም ይጠብባል፤ ሆላንዳውያንም ቦታውን «ሆላንድ በጠባቧ» ብለው ይጠሩታል። የአይ ሰርጥ ጫፍ ከሰሜን ባሕር የሚለየው በጥቂት ኪሎ ሜትር መሬትና በባሕር ዳር የአሸዋ ኮረብቶች ብቻ ነው። ሲሞን ቪሰሪንግ የተባለ ሰው በ1848 ቦዩ ሳይቆፈር፣ ሰውም ሳይሰፍርበት፣ በዚያ ለሚመሠረተው ከተማ ስም አወጣለት፦ አይሞይደን፣ የአይ አፍ። የሌለ ከተማ በስሙ 28 ዓመት ኖረ ማለት ነው።

ቦዩን ለማስቆፈር በ1863 አንድ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ቁፋሮው በመጋቢት 1865 ተጀመረ። እንግሊዛዊው ጆን ሆክሾና ሆላንዳዊው ዩስቱስ ዲርክስ መሐንዲሶቹ ነበሩ። የአሸዋ ኮረብታዎቹ የተቆረጡት ግን በሠራተኛ ክንድ ነው፤ በአካፋና በባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ። ሠራተኛው ጋሪውን ይሞላል፣ በተነጠፈ ሳንቃ ላይ እየገፋ ሽቅብ ይወጣል፣ ይገለብጣል፣ ይመለሳል። ማታ የሚያድሩት ከሣርና ከአፈር በተሠሩ ጎጆዎች ነበር፤ በሽታም ብዙ ነበር። ይህን የእጅ ጋሪ አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እፈልጋለሁ፤ ከ150 ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ቦዩ ብቻውን ተቆፍሮ ቢቀር አገር ይጠፋ ነበር። ከኋላው ያለው ምድር ብዙው ከባሕር ወለል በታች ነው። ባሕሩ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ማዕበል ሲነሳ ደግሞ ሜትሮች ከፍ ይላል። ስለዚህ በቦዩ አፍ ላይ መርከብ የሚያሳልፍ፣ ባሕርን የማያሳልፍ ነገር መቆም ነበረበት። የመርከብ ማሳለፊያ የሚባለው ይኸው ነው። ሁለት ጫፉ በበር የተዘጋ ረጅም የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ክፍል አስቡ። መርከቡ በባሕር በኩል ይገባል፤ በሩ ከኋላው ይዘጋል፤ በክፍሉ ውስጥ ያለው ውሃ ቀስ ብሎ ከቦዩ ውሃ እኩል ይሆናል፤ ከዚያ የፊተኛው በር ይከፈታል። ሁለቱ በሮች በአንድ ጊዜ ፈጽሞ አይከፈቱም። የግቢው በር ሳይዘጋ የቤቱ በር እንደማይከፈትበት ቤት ማለት ነው።

ቦዩና የመጀመሪያው ማሳለፊያ በኅዳር 1 ቀን 1876 በንጉሥ ቪለም ሣልሳዊ ተመረቁ። ከአንዲት ትንሽ ማሳለፊያ ጎን የቆመው ዋናው፣ ደቡባዊው ማሳለፊያ፣ ርዝመቱ 110 ሜትር ገደማ፣ ወርዱ 18 ሜትር ነበር። በሮቹ ጥንድ ናቸው፤ ሁለቱ ክንፎች መሐል ላይ ሲገናኙ ሹል ሠርተው ወደ ባሕሩ ያመለክታሉ፤ ባሕሩ በገፋቸው ቁጥር እርስ በርስ ይበልጥ ይጣበቃሉ። የጠላትን ጉልበት ለራስ ማዋል ከዚህ በላይ የት አለ? አውሮፓ ውስጥ ለዘመናት የተሠራበት ጥበብ ነው፤ አሁንም ይሠራል።

20 ዓመት እንኳ አልቆየም፣ 18 ሜትር ጠበበ። መካከለኛው ማሳለፊያ የተከፈተው በ1896፣ እኛ ዓድዋ ላይ በተዋጋንበት ዓመት ነው፤ ርዝመቱ 225 ሜትር፣ ወርዱ 25። በዚያን ጊዜ ሰፊ ነበር። ነገር ግን 16 ዓመት ቆይቶ ባሕር ላይ የወጣው ታይታኒክ 269 ሜትር ርዝመትና 28 ሜትር ወርድ ነበረው። አይሞይደን ቢመጣ ኖሮ በር ላይ ይቀር ነበር። ሁለት ጊዜ የተገመተው ሁለት ጊዜ አነሰ።

ሦስተኛውን የገመቱት ሰዎች የተለዩ ናቸው፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመሩኝም እነሱ ናቸው። ሰሜናዊውን ማሳለፊያ ለመሥራት ሕግ የወጣው በ1917 ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ እየነደደ፣ ሆላንድም ገለልተኛ ሆና ንግዷ በተዳከመበት ጊዜ ማለት ነው። ሥራው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ተጀምሮ አሥር ዓመት ፈጀ። ግንባታውን የመሩት ዮሐንስ ሪንገርስ የተባሉ የመንግሥት መሐንዲስ ነበሩ። የተወሰነው መጠን 400 ሜትር ርዝመት፣ 50 ሜትር ወርድ፣ 15 ሜትር ጥልቀት ነው። በዚያ ዘመን የዓለም ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች ወርዳቸው 30 ሜትር ግድም ነበር። በ1914 የተከፈተው የፓናማ ቦይ እንኳ የማሳለፊያዎቹ ወርድ 33.5 ሜትር ነው። 50 ሜትር የሚሞላ መርከብ በምድር ላይ አልነበረም። ያን ቁጥር ወረቀት ላይ አስፍሮ ለመንግሥት ማቅረብ፣ ለዚያም የሕዝብ ገንዘብ መጠየቅ ድፍረት ይጠይቃል።

አስቸጋሪው ደግሞ ውሃው ነበር። ባሕር ዳር አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ስትቆፍር የምታወጣው አሸዋ ሳይሆን ውሃ ነው፤ ባወጣኸው ልክ ከጎንና ከሥር ይሞላል። ሪንገርስና ባልደረቦቻቸው በጉድጓዱ ዙሪያ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች አስቆፍረው ቀንና ሌሊት በፓምፕ አስቀዱ። የከርሰ ምድሩ ውሃ ራሱ ከግንባታው ወለል በታች ወረደ፤ ሠራተኞቹም ከባሕር ወለል በብዙ ሜትር ዝቅ ብለው በደረቅ አሸዋ ላይ ቆመው ኮንክሪት ሞሉ። ፓምፑ ቢቆም የሚሆነውን ሁሉም ያውቅ ነበር።

50 ሜትር ወርድ ላለው ማሳለፊያ የድሮው ሹል ጥንድ በር አልተመረጠም። ተንሸራታች በር አደረጉት። በሩ አንድ ወጥ የብረት ሣጥን ነው፤ ሲከፈት በጎን በኩል ወደተሠራለት ጎሬ ይገባል፤ ሲዘጋ ከጎሬው ወጥቶ ውሃውን ያቋርጣል። ግፊቱ ከባሕር ይምጣ ከቦዩ ግድ የለውም፤ በላዩ ላይ ደግሞ መኪና ያልፋል። ንግሥት ቪልሄልሚና ሚያዝያ 29 ቀን 1930 ሲመርቁት በዓለም ትልቁ ነበር።

ከአሥር ዓመት በኋላ አይሞይደን የመጣው ግን ሰፊ መርከብ ሳይሆን ጦርነት ነው። ግንቦት 14 ቀን 1940 የጀርመን ጦር ሮተርዳምን ደብድቦ ሆላንድ እጇን ልትሰጥ ስትል፣ ከአምስተርዳም የሸሹ ብዙ አይሁዳውያን ወደዚህ ወደብ ጎረፉ። አብዛኞቹ መርከብ አላገኙም። ኄርትሮይዳ ቫይስሙለር የምትባል፣ ከጦርነቱ በፊት በሺህ የሚቆጠሩ አይሁዳውያን ልጆችን ከናዚ አገዛዝ ያሻገረች ሴት፣ ከአምስተርዳም የሙት ልጆች ቤት 74 ልጆች በአውቶቡስ ይዛ ደረሰች። ቦደኅራፈን የተባለች የጭነት መርከብ አገኘችላቸው። ማታ ላይ መርከቢቱ ልጆቹን ጭና ወጣች። እሷ ግን አብራቸው አልሄደችም፤ ባሏ ጋ ተመለሰች። በዚያው ጊዜ ያን ፒተርስዞን ኩን የተባለው ትልቅ የመንገደኛ መርከብ ጠላት እንዳይጠቀምበት ተብሎ በወደቡ አፍ ሆን ተብሎ እንዲሰምጥ ተደረገ። ልጆቹ መንገድ ላይ ተተኩሶባቸው፣ ከቀናት በኋላ እንግሊዝ ደረሱ። ይህ ወደብ ለብረትና ለከሰል ብቻ አልተከፈተም፤ ታሪኩን የሚጽፍ ሰው ያን ምሽት ቢዘል ትልቁን ነገር ዘለለ ማለት ነው።

ጀርመኖች አይሞይደንን ምሽግ አደረጓት፤ የድሮው ከተማ አብዛኛው ፈረሰ፣ ነዋሪውም ተፈናቀለ። ማሳለፊያዎቹ ግን ከጦርነቱ በኋላ ሥራቸውን ቀጠሉ። በቦዩ ሰሜን ዳርቻ በ1918 የተቋቋመው የብረት ፋብሪካ አደገ፤ ከባሕር ማዶ የብረት ማዕድንና ከሰል የሚያመጡ መርከቦችም አብረው አደጉ። የ1917ቱ ሰዎች የገመቱት 50 ሜትር አሁን ባለቤት አገኘ። ከ1896ቱ ግምት ጋር ሲወዳደር ልዩነቱ ይገርማል፤ ያኛው በ20 ዓመት አረጀ፣ ይኸኛው ከ90 ዓመት በላይ የአምስተርዳም ዋና በር ሆኖ ኖረ። በመጨረሻ ግን ከከሰል ጫኞቹ አንዳንዶቹ ውሃ ውስጥ በጣም እየጠለቁ ስለመጡ፣ ከማሳለፊያው ውጭ ቆመው ከፊሉን ጭነት ወደ ትንንሽ ጀልባዎች አራግፈው ነበር የሚገቡት። ፓምፑስ በሌላ መልክ ተመለሰ።

አራተኛው በር የተወሰነው መንግሥት፣ የሰሜን ሆላንድ አስተዳደርና የአምስተርዳም ከተማ ተስማምተው ነው። መጠኑ 500 ሜትር ርዝመት፣ 70 ሜትር ወርድ፣ 18 ሜትር ጥልቀት ሆነ። በ2015 ኦፕን አይ የተባለ የኩባንያዎች ኅብረት፣ ባምና ፎልከርቬሰልስ የተባሉት ሥራ ተቋራጮች ያሉበት፣ ውሉን ፈረመ፤ በ2016 ሥራው ተጀመረ፤ በ2019 ይከፈታል ተባለ።

ቦታው ጠባብ ነበር። አዲሱ ማሳለፊያ የገባው በመካከለኛውና በሰሜናዊው መሐል ነው። በአንድ ጎኑ መርከቦች ያለማቋረጥ ያልፋሉ፤ ያ 90 ዓመት የሞላው ግድግዳ ሊነቃነቅ አይገባም፤ ባሕሩንም የሚያግደው መስመር አንድ ቀን እንኳ ሊከፈት አይችልም። እንደ ሪንገርስ ጊዜ ዙሪያውን ውሃ ቀድቶ ትልቅ ጉድጓድ መክፈት አይሞከርም። ስለዚህ በሮቹ የሚገቡባቸው ጎሬዎች ከምድር ላይ ተሠርተው እንዲሰምጡ ተወሰነ።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። በመሬቱ ላይ፣ ኳስ ሜዳ የሚያህል የኮንክሪት ሣጥን ይገነባል። ከሥሩ ዝቅ ያለ ባዶ ክፍል አለ፤ የግድግዳዎቹ ታችኛ ጫፍ እንደ ቢላ ቀጥኗል። በዚያ ክፍል ውስጥ የታመቀ አየር ይነፋል፤ አየሩ የከርሰ ምድሩን ውሃ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ከዚያ በኃይል የሚረጭ ውሃ ከሣጥኑ ሥር ያለውን አሸዋ እየናደ ወደ ጭቃ ይለውጠዋል፤ ጭቃው በቧንቧ ይሳባል። መሬቱ ከሥሩ ሲለቅለት ሣጥኑ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል። አንዱ ጥግ ከሌላው ቀድሞ እንዳይወርድ፣ የትኛው ጥግ ሥር ስንት አሸዋ እንደሚወጣ በየሰዓቱ ይለካል። እኛ አገር የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር የኮንክሪት ቀለበት ከላይ ተጭኖ፣ ከሥር ሲቆፈር ቀስ እያለ እንደሚወርደው ነው፤ ልዩነቱ የዚህኛው ክብደት በአሥር ሺዎች ቶን መቆጠሩ ነው።

ስህተት የተገኘው እዚህ ላይ ነው። ሣጥኖቹ በዲዛይኑ መሠረት ቢሰምጡ በመውረድ ላይ የሚደርስባቸውን ጫና እንደማይችሉት በስሌት ታወቀ። ዲዛይኑ እንደገና ተሠራ፣ አሰማመጡም ተለወጠ። ሥራ ተቋራጮቹ ብዙ ሚሊዮን ዩሮ ከሰሩ፤ መክፈቻው ከሁለት ዓመት በላይ ተራዘመ። እኔ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ይህን ክፍል አከብረዋለሁ። ሣጥኑ ግማሽ መንገድ ወርዶ ቢሰነጠቅ ኖሮ ከጎኑ ባለው ማሳለፊያና ከኋላው ባለው አገር ላይ ይደርስ የነበረውን ማሰብ ነው። ኪሳራውን አውቀው ቆሙ።

በሮቹ የተሠሩት ደቡብ ኮሪያ ነው። ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ይሠራሉ፣ አንዱ ተጠባባቂ ነው። እያንዳንዱ 72 ሜትር ርዝመት፣ 24 ሜትር ቁመት፣ 11 ሜትር ውፍረት አለው፤ ከአንድ ትልቅ ፎቅ አይተናነስም። ውቅያኖስ አቋርጠው መጡ። በር ባሕር ተሻግሮ ባሕርን ሊዘጋ ሲመጣ መቼም አይረሳም። እንዲህ ያለውን ክብደት እንዴት ነው ወዲያና ወዲህ የሚያንሸራትቱት? በሩ በአንደኛው ጫፍ ከታች፣ ውሃ ውስጥ ባለ ባለጎማ ጋሪ ላይ ተቀምጧል፤ ሌላኛው ጫፉ ደግሞ ከላይ፣ ከውሃ ውጭ በሚሄድ ጋሪ ላይ ተንጠልጥሏል። ፊቱ በጎማ፣ ኋላው በእጅ እንደሚያዝ ማለት ነው። መሐንዲሶቹ ዘዴውን የሚጠሩበት ስም ያው የ1865ቱ ቆፋሪዎች የገፉት ዕቃ ስም ነው፦ የእጅ ጋሪ።

ጥር 26 ቀን 2022 ንጉሥ ቪለም አሌክሳንደር መረቁት። ስፋቱ በ2016 አንትወርፕ ላይ የተከፈተውንና 68 ሜትር ወርድ ያለውን የኪልድሬክት ማሳለፊያ በሁለት ሜትር በለጠው፤ በዓለም ትልቁ የባሕር መርከብ ማሳለፊያ ተባለ። እስከ 13.7 ሜትር የሚጠልቁ መርከቦች ውሃው ሞላ ጎደለ ሳይሉ፣ በፈለጉት ሰዓት የሚገቡበት ሆነ። ከዞይደርዜው ዘመን ጀምሮ የአምስተርዳም መርከበኛ ሲመኘው የኖረው ይኸው ነበር።

ሆኖም ትልቅ በር የሚያስገባው መርከብ ብቻ አይደለም። ከባሕሩ ጋር እኩል የተከፈተ ማሳለፊያ በጨዋማ ውሃ ይሞላል። 500 በ70 በ18 ሲባዛ 630 ሺህ ሜትር ኩብ ይሆናል። የቦዩ በኩል በር ሲከፈት ያ ከባድ ጨዋማ ውሃ በቦዩ ወለል ላይ እንደ ምላስ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ቀላሉ የቦዩ ውሃ ደግሞ በላዩ ወደ ማሳለፊያው ይመጣል። ከላይ ለሚያይ ሰው ምንም የተንቀሳቀሰ ነገር የለም። ከሥር ግን መርከብ ባለፈ ቁጥር እስከ 10 ሺህ ቶን የሚደርስ ጨው ወደ አገሩ ይገባል። ጨው ደግሞ ወደ እርሻና ወደ መጠጥ ውሃ ምንጭ ሊጠጋ ይችላል። ማሳለፊያው በተከፈተበት በ2022 የሙቀት ወራት ድርቅ መጣ፤ ጨውን የሚገፋ በቂ የወንዝ ውሃ አልነበረም፤ ያን ሁሉ የተደከመበትን በር አጠቃቀሙን መገደብ ግድ ሆነ።

ለዚህም መፍትሔው አስቀድሞ ታስቦ ነበር፤ የተጠናቀቀው ግን ከማሳለፊያው በኋላ ነው። ትርፍ ውሃ ወደ ባሕር በሚለቀቅበት ቦይ ላይ አንድ ግድብ ተሠራ። ተራ ግድብ ውሃ የሚያሳልፈው ከላይ ሲሆን፣ ይኸኛው ከላይ ድፍን ነው፤ ክፍተቶቹ ከታች፣ ከወለሉ አጠገብ ናቸው። የሚያልፈው ወለል ላይ የተኛው ከባዱ ውሃ ብቻ ነው፤ ከላይ ያለው ቀላሉ ወደ ኋላ ይቀራል። መርከቧ ወደ አምስተርዳም ሽቅብ ስትሄድ፣ ከሥሯ ሾልኮ የገባው ጨው በግድቡ ሥር አድርጎ ወደመጣበት ባሕር ይመለሳል።